ቀኝ እጃችሁን አውጡ

«ኢንስፔክተሯ መጡ! ኧረ ኢንስፔክተሯ መጥተዋል!»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንዲህ እየጮኸ ወደ ቢሮው ሲሮጥ፣ ሴትዮዋ ገና መታወቂያዋን ከቦርሳዋ እየፈለገች ነበር። «ኢንስፔክተር ነኝ» ከማለት በቀር ያለችው ነገር የለም። አልዋሸችም፤ ኢንስፔክተር ናት፣ የፖሊስ። ምስኪኑ ዘበኛ ግን ሰሞኑን ዓይኑ በር በሩን ሲያይ የከረመው፣ የትምህርት ቤቱን ጥራት መዝነው ደረጃ የሚሰጡትን ኢንስፔክተሮች ፍለጋ ነው። ለሁለቱም አንድ ስም ያወጣላቸውን ሰው ይጠይቅልን!

ደወሉ ተደወለ። መጥረጊያ የያዘ መጥረጊያውን ደበቀ፣ የሚያወራ መምህር ጠመኔ አነሳ። ርዕሰ መምህሩ የኮቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ በሩጫና በእርምጃ መካከል ባለ አካሄድ ደረሰ። «እንኳን ደህና መጡ! እንኳን ደህና መጡ!» አለና እጇን ይዞ ሊለቃት አልቻለም።

መርማሪዋ አላረመችውም። ሰው ራሱ ሊያሳያት የተነሳውን ነገር አቋርጣ አታውቅም። ወደዚህ የጠራቻት የትምህርት ቤቱ ነርስ ነበረች። «የሳይንስ መምህሯ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞታ ተገኝታለች» ብላ ነበር ነርሷ በስልክ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ርዕሰ መምህሩ "ከመሰላል ወድቃ ነው፤ ኢንስፔክተሮቹ እስኪሄዱ ለማንም አትንገሪ" ብሎ ቆልፎባታል። ለሌሎቹ "አሟት ቀረች" ነው ያለው። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።»

እንግዲህ ሰው ሞቶ በተቆለፈበት ግቢ ውስጥ ጉብኝት ተጀመረ።

በሩም መስኮቱም አዲስ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። «ባለፉት ሁለት ምዘናዎች ዝቅተኛውን ደረጃ አገኘን» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ዘንድሮ ከደገመን ይዘጉናል። እኛም አንዳችን እዚህ አንዳችን እዚያ መበተናችን ነው።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ላይ ነበሩ?»

«መጸዳጃ ቤቱን ሳሠራ! ውሃው አሁን ይወርዳል፤ ያዩታል?»

ከሒሳብ ክፍል ብቅ ያለውንም መምህር ያንኑ ጠየቀችው። መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ልጆቹ «ፕሮፌሰሩ» የሚሉት ሰው ነው። «ደካሞቹን ሳስጠና» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የምዘናው መስፈርት ላይ አለ አይደል?»

«የምናሳይዎት ክፍል ይሄ ነው» አለና ርዕሰ መምህሩ የሰባተኛ ክፍልን በር ከፈተ። የቋንቋ መምህሯ በተማሪዎቿ ዘንድ «ሰረዝ» ትባላለች፤ ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን ወረቀት መልሳ ስለምታስጽፍ ነው። ነጭ ጋዋኗ ካውያ የበላ፣ ቆንጆ ሴት ናት። ቀኝ እጇ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነው፤ በግራዋ ትጠቁማለች።

«ለወንድ "ተው" እንላለን፤ ለታላቅ "ይተዉ" እንላለን። ለሴት ልጅስ?»

ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። አንድም ያላወጣ ልጅ የለም።

«"ተይ"!» አለ የተጠራው።

«ጎበዝ! ና ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እኔ አልጽፍላቸውም» አለች ወደ እንግዳዋ ዞራ። «ትምህርታችን ተማሪ ተኮር ነው።»

ሁለተኛ ጥያቄ፣ ሦስተኛ ጥያቄ፤ እጁ ሁሉ ይወጣል፣ የተጠራ ሁሉ ይመልሳል። መርማሪዋ ከኋላ ሆና ስታይ ግማሹ ቀኙን፣ ግማሹ ግራውን ነው የሚያወጣው። ግራውን አውጥቶ የተጠራ ግን የለም።

«እስቲ እኔ ልጥራ» አለችና አንዲት ግራዋን የሰቀለች ልጅ ጠቆመች። «አንቺ?»

ልጅቷ ቅር አላት። «እኔ እኮ ግራዬን ነው ያወጣሁት።»

«ታዲያስ?»

«ግራ የማያውቅ ነዋ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የርዕሰ መምህሩ ፊት አመድ መሰለ። ሰረዝ ተከትላቸው ወጣች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ልጆች ናቸው» አለች።

«ልጆች ናቸው» አለች መርማሪዋም። «እርስዎስ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ላይ ነበሩ?»

«እኔ? እኔ ቤተ ሙከራው ጋ ድርሽም አላልኩ። ራሴን አሞኝ በጊዜ ነው ቤቴ የገባሁት።»

«እግዜር ይማርዎት» አለችና አለፈች።

ከኮሪደሩ ጫፍ ነርሷ እጇን አጣምራ ቆማለች። መርማሪዋ መታወቂያዋን አወጣች። ርዕሰ መምህሩ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«የ... የፖሊስ?»

«የፖሊስ።»

«ታዲያ ክፍል ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

«እጄን ይዘው አስገቡኝ እኮ! አሁን ደግሞ ቁልፉን ያምጡ።»

ሟቿ ከሲሚንቶው ጠረጴዛ ሥር በጎኗ ተኝታለች። ተማሪ «ሚዛን» ይላት ነበር፤ ግማሽ ነጥብ አትጨምርም፣ ግማሽ ነጥብ አትሰርቅም። የራስ ቅሏ ከኋላ ተመትቷል፤ ደሙ የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደርቋል። ከአጠገቧ የቀለም ቀቢው መሰላል መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል።

«ማይክሮስኮፑን ላውርድ ብላ ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ። «ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ማታ ፈላጊ አልነበራትም። ጠዋት ስከፍት...»

«ከዚያም መልሰው ቆለፉባት።»

«ምን ላድርግ? ስንት ሰው እንጀራው ያለው...»

«ማፈሩን በኋላ ይደርሱበታል። መሰላሉን ማን አመጣው?»

«እንጃ! ቀቢው ቀለም ደፍቶበት ይድረቅ ብሎ ኮሪደሩ ላይ አቁሞት ነው ትናንት ረፋዱ ላይ የሄደው።»

መርማሪዋ የመሰላሉን መርገጫ በጣቷ ነካች። ዛሬም ያጣብቃል። የሟቿን መዳፍ ገልብጣ አየች፣ የጫማዋን ሶል አየች። ጠመኔ እንጂ ቀለም የለም። ከዚያ የመሰላሉን ቋሚ ከታች እስከ ላይ አየችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ቀለሙ እዚያ ጋ ተልጧል፤ የአንድ መዳፍ ያህል።

«ይጠሏት ነበር እንዴ?» አለች ድንገት።

«ማን? እኔ?» ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ አለ። «ቀናሁባት እንጂ አልጠላኋትም። ወንበሬን ትወስዳለች ተብሎ ይወራ ነበር። ብትወስደውም ይገባታል፤ የሚያንገበግበኝም ያ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ሞቷን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ዓይኑን ቢጠርግ ይሻለው ነበር።

«እቀናባት ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ልዋሽዎት? እኔ ሒሳብ ሳስተምር ልጆቹ በመስኮት የሷን ክፍል ነው የሚያዩት። ግን ቅናት የሚያስገድል ቢሆን ኖሮ በዚህ ግቢ አንድ መምህር አይተርፍም!»

«ትናንት ያዩት ወይ የሰሙት ነገር አለ?»

«ልጆቹን ሸኝቼ ስወጣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ድምጿን ሰምቻለሁ። "ተይ እባክሽ፣ ልጆቹን ውሸት አናስተምራቸው። እንዳለን ይዩን" ትላለች። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፣ ሄድኩ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ምነው በገባሁ!»

ሰረዝ ግን ጮኸች። «እህቴን! እህቴን!» እያለች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እንባዋን በግራ እጇ ጠረገች። «አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ያረጀነው። ሰው ሲያማት "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብላ ትስቅ ነበር፤ ይኸው ምቀኛ በላት!»

«ማን ነው ምቀኛዋ?»

«ሁሉም! ፕሮፌሰሩ፣ ርዕሰ መምህሩ...»

«እርስዎስ?»

«እኔ?» ዓይኗ በአንዴ ደረቀ። «የምትቀናብኝስ እሷ! ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲመጣ "የሚዛን ክፍል፣ የሚዛን ክፍል"። እኔ በግድግዳው ወዲህ ጉሮሮዬ ሲነቃ አንድ ቀን በሬን ያንኳኳ የለም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ክፍል ሲመረጥ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ሲገባት ስህተት ፍለጋ መጣች።» ብዙ መናገሯ ገብቷት አፏን ያዘች።

መርማሪዋ ሁሉንም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ርዕሰ መምህሩ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሰረዝና ነርሷ ተቀመጡ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። የሚዛን ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«የሞተችው ወድቃ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ያንን መሰላል የወጣ ሰው ጫማው ሰማያዊ ይሆን ነበር። የሷ ንጹህ ነው። ተገፍትራ ጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ወደቀች፤ መሰላሉ ከዚያ በኋላ ነው የገባው።»

«ማን አስገባው?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ቀስ። እርስዎ "ተይ እባክሽ" ስትል ሰምተዋል። ርዕሰ መምህሩን ቢሆን "ይተዉ" ትላለች። ዘበኛውን ቢሆን "ተው"። ይህን ዛሬ ጠዋት ሰባተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ስለዚህ ፊቷ የቆመችው ሴት ናት፤ አንቺ የምትላት ሴት።»

ነርሷ ደነገጠች። «እኔ ነኝ እኮ የደወልኩልዎት!»

«አውቃለሁ። ገዳይ ፖሊስ አይጠራም፣ ያውም ነገሩ አደጋ ነው ተብሎ በታመነበት ሰዓት። አሁን ሌላው። ዛሬ ጠዋት ለሦስት ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ላይ ነበሩ? ርዕሰ መምህሩ ሞቷን እያወቁ እንኳ ስለ መጸዳጃ ቤት ነገሩኝ፤ ደረጃ ልሰጣቸው የመጣሁ መስሏቸዋላ! ፕሮፌሰሩ ስለ ትጋታቸው ነገሩኝ። ሦስተኛዋ ግን "ቤተ ሙከራው ጋ ድርሽም አላልኩ" አለችኝ። ስለ ቤተ ሙከራ ማን አነሳ? ሚዛን አሟት ቀረች በተባለበት ሰዓት፣ ኢንስፔክተር የሚለውን ቃል ሰምቶ ፖሊስ የታየው ሰው አንድ ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

ሰረዝ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «በአንድ ቃል ሰው ይከሰሳል? አፌ ያመጣው ነው።»

«ልክ ነዎት፤ ቃል ብቻውን አይበቃም። እንግዲያው የእርስዎን ዘዴ እንጠቀም።» መርማሪዋ ብድግ አለች። «ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን አውጡልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ እንደ ተማሪ በአንዴ አወጣ። ፕሮፌሰሩ አወጣ፣ ነርሷ አወጣች፣ ዘበኛው እንኳ በሩ ላይ ሆኖ አወጣ።

ሰረዝም አወጣች። ግራዋን።



«ግራ የማያውቅ ነው ብለው ነው ልጆቹን ያስተማሩት» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ግን ያውቃሉ። ቀኝዎን ያውጡ።»

እጁ ከኪስ ቀስ ብሎ ወጣ። መዳፉ በፍግፈጋ ቆስሏል፤ ቢሆንም በጥፍሮቹ ዙሪያና በመስመሮቹ ውስጥ ሰማያዊው ቀለም አለ።

«በላምባም አልለቀቀኝ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እጅ የምታወራ ይመስል። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «መግደል አልፈለግሁም! "ተይ" አለችኝ። የግራና የቀኙን ነገር ከልጆቹ ሰምታ፣ "ነገ እንዳታደርጊው፤ እንዳለን ይዩን" አለችኝ። እሷ ስንት ዓመት ስትታይ ኖራ፣ የኔ ቀን ሲደርስ "ተይ"! ቀናሽ አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ገፋኋት። ቀናችብኝ እኮ! እናንተ አታውቁም፣ ቀንታብኝ ነው!»

መርማሪዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «ዘንድሮ የሷ ክፍል እንዲታይ የወሰነው ማነው?»

ርዕሰ መምህሩ ያወጣውን እጁን እስካሁን አላወረደም ነበር። አወረደው።

«ሚዛን ናት» አለ። «ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ "እኔ በቃኝ። ከኔ አብልጣ የምትለፋውን የሰረዝን ክፍል አንድ ቀን እንኳ ያሳዩላት" አለችኝ። እኔ እምቢ ብዬ ነበር፤ ለምና ነው ያስፈቀደችኝ።» ወደ ሰረዝ ዞረ። «የምጽዋት እንዳይመስልሽ እንዳልነግርሽ ቃል አስገብታኝ...»

ሰረዝ አየችው፤ ከዚያ ባዶውን ወንበር አየች። አሁን የመጣው እንባ የጠዋቱን ዓይነት አልነበረም፤ ድምፅ የለውም፣ የሚጠርገውም እጅ አላገኘም።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዘበኛው በመስኮት አይቶ ተርበተበተ።

«ጌታዬ፣ ኢንስፔክተሮቹ... እውነተኞቹ መጡ! ደወሉን ልደውል? ልጆቹ ይሰለፉ?»

ርዕሰ መምህሩ ከልማድ እጁን ወደ ኮቱ ቁልፍ ላከ፤ ጠዋት ያዛነፈውን ነካው፣ ግን ሳያስተካክል ተወው።

«አትደውል» አለ። «ክፈትላቸው። እንዳለን ይዩን።»