በወንድሙ ስም አቤት ያለው ሰውዬ

ሻማውን ወዲህ አምጡት። አይ፣ ተዉት፣ እዚያው ይሁን። መብራቱ ዛሬ የሚመለስ አይመስለኝም፣ ካርታውም በጨለማ አይታይም። መቼም ለቅሶ ቤት የምታድሩት ለካርታው እንጂ ለሟቹ እንዳልሆነ እናውቃለን። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበው ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አልጮህም። መስማት የፈለገ ይጠጋ።

ድሮ ነው። ከአርባ ዓመት ያልፈዋል። አንድ ሰውዬ ነበር፣ መኩሪያ የሚባል። አገሩ እንግሊዝ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሰዓቱስ? ከቀኑ አስር ሰዓት። አስር ሰዓት ስላችሁ ፀሐይ ታያችሁ አይደል? ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ታዩአችሁ? እዚያ በታኅሣሥ አስር ሰዓት ሲል ጨለማ ነው። ቀኑ ሳያልቅ ይጨልማል። እኔ ያን ጨለማ አንድም ቀን ለምጄው አላውቅም።

መንገዱስ? መንገዱ የገጠር መንገድ ነው፣ ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ጥግ ይዞ ይቆማል። በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቁጥቋጦ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ የበግ ሜዳ ነው። በረዶ ይጥላል። ሰው የለም። ቤት የለም። መኪናው አሮጌ ነው፣ ማሞቂያው አይሠራም። መኩሪያ ካፖርቱን ለብሶ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ብቻውን ይነዳል።

ለምን ይነዳል? እናቱ ታመዋል። ወይዘሮ አሰገደች ይባላሉ። ከታናሽ ወንድሙ ቤት ነበሩ፣ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ታናሹ ደወለና ና አለው። መኩሪያ ሰሜን ውስጥ ዳቦ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ምሳውንም ሳይበላ ተነሣ። የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፣ በበረዶ ደግሞ ስንት እንደሚሆን እንጃ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኩሪያ ቀናተኛ ነበር። በሚስት አይደለም፣ በእናት። ወይዘሮ አሰገደች ለዓይናቸው ሕክምና ከአገር ሲመጡ የታናሹን ቤት መረጡ። የመረጡት ደረጃ ስለሌለው ነው፣ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም። መኩሪያ ግን ደረጃ ነው ብሎ አላመነም። በስልክ ሲያገኛቸው ወሬያቸው ሁሉ ይርዳው ነው። ይርዳው ይህን አበሰለልኝ። ይርዳው ካልሲ ገዛልኝ። መኩሪያ ጥሩ የሱፍ ካፖርት ልኮላቸው ነበር፣ ስለ ካፖርቱ ማንም አላነሣም። ሰው በካልሲ ይቀናል? ይቀናል። እናንተም ትቀናላችሁ፣ አትሳቁ።

መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መንደር አገኘ። ስሟን አልነግራችሁም። ነዳጅ ሲቀዳ አንድ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ብቻውን እንደሆነ ጠየቀው። ብቻዬን ነኝ አለ። ሽማግሌው ወደ ፊት ያለው መንገድ በእንዲህ ያለ ቀን ለብቻ አይነዳም፣ እዚሁ እደር አለው። መኩሪያ እናቴ ታማለች ብሎ ሄደ። 

ከመንደሩ ወጥቶ ብዙ ሳይሄድ በመብራቱ ጫፍ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ አንድ ነጭ ነገር አየ። የቆመ ነው። ነጠላ የተከናነበች ሴት ይመስላል። በእንግሊዝ ገጠር ነጠላ? የበረዶ ክምር ነው ብሎ አለፈ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ትንሽ ነዳ። ያ ነጭ ነገር አሁንም አጥሩ ሥር ቆሟል። በዚያው ቁመት፣ በዚያው አከናነብ። ልዩነቱ አሁን ወደ መንገዱ አንድ እርምጃ መግባቱ ነው። ዞሬ ዞሬ እዚያው ተመለስኩ እንዴ ብሎ አሰበ። አልተመለሰም። መንገዱ አንድ ነው፣ መታጠፊያ የለውም። ፊቷን ለማየት ቀና አለ። ፊት አልነበራትም። ፊት የሚሆንበት ቦታ ላይ በረዶ ይጥል ነበር።

 የሰው ድምፅ መስማት ፈለገ። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከእነዚያ ከቀዮቹ የስልክ ሳጥኖች አንዱን አገኘና ዘሎ ገባ። ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። ነርሷ ታናሹን ጠርታ አመጣችለት።

ታናሹ ማነው? ጠይቁኝ እንጂ። ይርዳው ማነው? እኔ ነኝ። እዚህ ሰፈር አቶ ይርዳው የሚለኝ ስለሌለ ረሳችሁት። ሰውዬው ወንድሜ ነው፣ የአንድ እናት ልጅ።

ስልኩን ከነርሷ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የእማዬን ትኩሳት ጠየቀኝ። አልወረደም አልኩት። ትናገራለች ወይ አለኝ። ትናገራለች አልኩት።  ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ማንን ነው የምትጠራው?»

አሁን ስሙኝ። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነበር በአፏ። መኩሪያ መጣ? መኩሪያ የት ደረሰ? መኩሪያ በላ? እኔ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ላቧን የምጠርገው እኔ፣ የማገላብጣት እኔ፣ ውኃ በማንኪያ የምሰጣት እኔ። ዓይኗን ገልጣ ታየኝና መኩሪያ መጣ ትለኛለች። ቀናሁ። እንዲህ ያለ ቅናት ሆድ ውስጥ ሲገባ ሰው ልብ አይልም፣ ራበኝ ነው የሚለው።

«እኔን» አልኩት። «እኔን፣ ይርዳውን ነው የምትጠራው፣ ጋሼ።»

ይህን ባልኩ ጊዜ ስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የሱ አይደለም። ቀስ ያለ ድምፅ ነው፣ «ይርዳውን» አለ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። የመስመሩ ማስተጋባት ነው አልኩ። በኋላ ስንነጋገር እሱም ሰምቶታል፣ እሱም ማስተጋባት ነው ብሏል። ስልኩ ላይ ሦስት ነበርን። ያ ነገር ከመንደሩ ጀምሮ ተከትሎታል፣ የጎደለው ስም ብቻ ነበር። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

መኩሪያ ስልኩን ዘጋና ወደ መኪናው ሄደ። የፊት መስታወቱን በረዶ ሸፍኖታል። በእጁ እየጠረገ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከበጎቹ ሜዳ፣ ድምፅ መጣ። የእማዬ ድምፅ ነው።

«ይርዳው።»

እኛ ስናድግ እማዬ ያስተማረችን ነገር አለ። በጨለማ ሰው ሳይታያችሁ ስማችሁ ቢጠራ አቤት አትበሉ። የጠራው ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ያኛው ነገር ከሁለት አያልፍም። አቤት ካላላችሁት ይሄዳል። እናንተንስ እናቶቻችሁ አላስተማሯችሁም? መኩሪያ ያውቃል። አፉን ዘግቶ ገባ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ሲነዳ የፈራ ይመስላችኋል? ፈርቶ ነበር፣ ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠ። እዚህም ይርዳው? በዚህ በረዶ፣ በዚህ ጨለማ፣ ምሳዬን ሳልበላ የመጣሁት እኔ፣ እሷ ግን ይርዳው? እያለ ነዳ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። መኪናው ውስጥ የእናታችን ቅቤ ቅባት ሸተተው። የኋላው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እንደሚል ሲጢጥ አለ። በመስታወት አላየም። እንዳያይ አንገቱን አደነደነ። ከዚያ ከጆሮው ሥር ጠራችው።

«ይርዳው።»

ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ቢጠብቅ ኖሮ አይመጣም ነበር፣ ያ ነገርም ይሄድ ነበር። አልጠበቀም።

«አቤት እማዬ» አለ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ሁለት ቀዝቃዛ እጆች ከኋላ መጥተው አንገቱን አቀፉት። አላነቁትም፣ አቀፉት ነው ያለኝ። እናት ልጇን እንደምታቅፍ። እጆቹ እስኪደርስ ድረስ አልተነሡም። የታመመ ያለበት ሰው ብቻውን መኪና አይንዳ የምለው ለዚህ ነው፣ ስለ ጎማና ስለ በረዶ አይደለም።

ሆስፒታል የደረሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እማዬ ትኩሳቱ አደንዝዟት አላወቀችውም። ኮሪደር ላይ አውጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። ሽማግሌውን፣ ነጩን ነገር፣ ድምፁን።

«የጠራው እኮ ያንተን ስም ነው» አለኝ። «እኔ አቤት አልኩ።»

ለምን አልከው አልኩ።

«አንድ ቀን እንኳ ለኔ ትሁን ብዬ።»

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። ዋሽቼህ ነው ጋሼ፣ ስትጠራ የዋለችው አንተን ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጣ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ለምን ነገ ጠዋት? አንድ ሌሊት ብቻ የኔ ሆና ትደር ብዬ። ይኸው ነው ምክንያቱ፣ ሌላ የለውም።

ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በርዶኛል አለ። ብርድ ልብስ አመጣሁለት፣ ሻይ አመጣሁለት። በርዶኛል አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት። ዓይኗን ገለጠች፣ መኩሪያ መጣ አለችኝ። መጥቷል እማዬ፣ አጠገብሽ ነው አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን አልችልም። ዞር አለችና ጠራችው።

«መኩሪያ።»

ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። አልመለሰም። ደግማ ጠራችው። ሦስተኛ ጠራችው። ተኝቷል አልኳት። እጁን ስነካው ከደረቀ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። እሺ አልኳቸው።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። በዚያ ከተማ የነበሩት ሁለት ያገራችን ቤተሰቦች መጥተው እስክትጠና ደብቅላት አሉኝ። ሥራ ሄደ አልኳት። ሰውነቷ ጠና፣ አእምሮዋ ግን ከዚያ ትኩሳት አልተመለሰም። መርዶውም በዚያው ተደብቆ ቀረ። ትንሽ ቆይታ እኔን መኩሪያ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ቀን ይርዳው ነኝ አልኳት፣ አለቀሰች። በሁለተኛው ቀን አቤት አልኩ። ለአሥራ አንድ ዓመት አቤት አልኩ። ካልሲ ሳጠልቅላት፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር መኩሪያ ትለኛለች። ወንድምህ ግን ምን ብበድለው ነው መጥቶ የማይጠይቀኝ ትለኛለች። እኔ እየሰማሁ እኔን ታማኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ እላታለሁ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ከትኩሳቱ ወዲህ ስቃ አታውቅም። በሩን ከፈትኩት። መብራት አላበራችም። ወንበሩ ከግድግዳው ተነሥቶ አልጋዋ አጠገብ ተጠግቷል። እሷ ያን ወንበር ማንሣት አትችልም። እጇን ዘርግታለች፣ ጣቶቿ የሰው እጅ እንደያዙ ታጥፈዋል። ከወንበሩ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ገብቼ መቀመጫውን ነካሁት። በረዶ ነበር። ከነካሁበት ቦታ ላይ አንድ ነገር እጄን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው።

ፈራህ ወይ በሉኝ። ለአንድ አፍታ ፈራሁ። ከዚያ እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት መጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

«ይርዳው፣ በሩን ዝጋልን። ወንድምህ በርዶታል።»

የምትሉትን አውቃለሁ። ማዘን ነበረብኝ፣ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፣ እዚያው ተንበርክኬ ዋሽቼህ ነበር ጋሼ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁ። ሞቶም አጠገቧ የሚቀመጠው እሱ ነው አልኩ።

በሩን ዘጋሁላቸው። እኔ በውጭ በኩል ቀረሁ።