የደረቀው ስባሪ

የቤተ ሙከራው ፈታሽ በመጭመቂያው ማሽን ሥር በጀርባው ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ዙሪያውን የሰው ሠራሽ አጥንት ስብርባሪ ተበትኗል። እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ይህ አጥንት በሕመምተኛ ዳሌ ከመተከሉ በፊት ጥንካሬው የሚፈተሸው በዚህ ክፍል ነበር።

መርማሪው በርከክ ብሎ አንዱን ስባሪ አነሣና በነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈው። ወረቀቱ አልረጠበም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ናሙና ሠሪዋ የሟች እኅት፣ ከደጃፉ ሳታልፍ። ዐይኗ ደርቋል። «ትናንት ናሙናውን ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ አቆየሁት። አርሮ ተሰባሪ ሆኖ ይሆናል፤ ፈንድቶ መታው።»

«ስንት ናሙና ሰጠሽው?»

«ስድስት። ወንድም ጋሼ ሁሌም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ያሳድራቸዋል። ‹እኅት ዓለም፣ የሰው ገላ እኮ ውስጡ እርጥብ ነው› ይለኛል።»

«የአጥንቱን ጥንካሬ በስሌት የሚተነብየው ሰውዬስ?»

«የፎቁ ነቢይ? ወንድም ጋሼ ነው እንዲያ የሚለው። በኮምፒውተር ይተነብያል እንጂ ወርዶ አንዲት ናሙና ስትጨመቅ አይቶ አያውቅም።»

መርማሪው የጨዋማውን ውሃ ገንዳ ከፍቶ ናሙናዎቹን ቆጠረ። ከሟች ጋዋን ኪስ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ አነበበ። ፎቁንም ወጥቶ አይቶ ተመለሰ።

ከቀትር በፊት እኅትየውን፣ ስሌተኛውንና የቤተ ሙከራውን ኃላፊ በማሽኑ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ራሷ አምናለች፤ በቸልተኝነት ትጠየቃለች። ሌላ ምን ቀረ?» አለ ኃላፊው።

«ስድስት ሰጠችው፤ ስድስቱም ገንዳው ውስጥ አሉ። የተሰበረው እንግዲህ ሰባተኛ ነው፤ ያውም ደረቅ። ደረቅ ናሙና የት ነበር?»

ኃላፊው ወደ ስሌተኛው ዞረ። «ለእንግዳ የምናሳየው... አንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው።»

«አሁን ማስቀመጫው ባዶ ነው» አለ መርማሪው። ከገንዳው አንዱን ናሙና አውጥቶ ለኃላፊው ሰጠው። «ጭመቀው።»

ማሽኑ ወረደ። ናሙናው አልፈነዳም፤ ቀዳዳዎቹ ድርብ በድርብ እየተደፈኑ ድምፅ ሳያሰማ ተጠፈጠፈ።

«እዚህ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። አደጋ ለማስመሰል ስብርባሪ የበተነው ይህን አይቶ የማያውቅ ነው።»

«ሊሆን አይችልም!» ስሌተኛው ጮኸ። «ስሌቴ ላይ ይበተናል!»

«ደረቁን ነዋ ያሰላኸው!» መርማሪው ደብተሩን ገለጠ። «‹እርጥቡ ናሙና ስሌቱ ከሚለው ጭነት እኩሌታውን እንኳ አልተሸከመም። አጥንቱ የሚተከልላት ሴትዮ ለቀዶ ሕክምና ሳትተኛ ስሌተኛው ራሱ ያርመው ዘንድ አንድ ቀን ሰጠሁት።› ሳያዋርድህ እንድትታረም ጊዜ ሰጠህ። አንተ ግን ግንባሩን በብረት መታኸው።»

«ዐሥር ዓመት የለፋሁበት ነው» አለ ስሌተኛው። ተሳስቻለሁ ከማለት ነፍስ ማጥፋት ቀልሎት ነበር።

እኅትየው መርማሪውን ቀና ብላ አየችው። «የኔ ጥፋት አልነበረም?»

«ያንቺ እጅ የለበትም።»

ከጠዋት ጀምሮ እንደ ነፍሰ ገዳይ ደርቃ የቆመችው ሴት ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «ወንድም ጋሼ!» አለች፤ እንደ እኅት ማልቀስም ያን ጊዜ ጀመረች።