የእሁድ ርክክብ

«ማን ያሸንፋል?» አላት ወንድሟ አልጋው ላይ እየዘለለ።

«የምን ማሸነፍ?»

«ትልቁ አባባ ሲመጣ ነዋ! ጋሼ በብረት እለዋለሁ ብሏል። ትልቁ አባባ ደግሞ ጠመንጃ አለው። ማን ያሸንፋል፣ ቀጮ?»

ቀጮ የምታጥፈው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። ወንድሟ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱንም ሰዎች ይወዳቸዋል። ጋሼ የሚለው የእናታቸውን ወንድም፣ ብረት በያጁን ነው። ትልቁ አባባ ደግሞ የአባታቸው ታላቅ ወንድም፣ የመጋዘን ጥበቃው። ሁለቱም ትከሻቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ እሱም ከላይ ሆኖ ዓለምን ይገዛል።

እናትና አባታቸው ከተለያዩ ወዲህ፣ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ተብሎ ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ቀጮ አስራ አራት ዓመቷ ስለሆነ ምርጫዋን ተጠየቀች፤ ከእናቷ ጋር ቀረች። ትንሹን የጠየቀው የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ አባቱ ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ እዚህ። ቤተሰቦቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ስላቃታቸው፣ ርክክቡ በሁለቱ ቤቶች መሃል ባለችው ልብስ ሰፊ ሱቅ ሆነ። ሰፊዋ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ አላት። ቅዳሜ የአባቱ ወገን በጓሮ በር ገብቶ ልጁን ከመጋረጃው ኋላ ያቆመዋል፤ ቀጮ በፊት በር ገብታ ትወስደዋለች። እሁድ አስር ሰዓት ደግሞ በዚያው መንገድ ትመልሰዋለች። በመጋረጃው ሥር የትልቁ አባባን ጫማ ታያለች። ድሮ ሮጣ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር፤ አሁን «ደህና ዋልክ» ማለት እንኳ ጭንቅ ነው።

ዛሬ ግን ምሳ ላይ ጋሼ ድንገት «አይመለስም» አለ። «ልጅ ነው ወይስ የኪራይ ዕቃ? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ነው!» እናቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ የልጁን ጫማ አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ጋሼ ለትልቁ አባባ ራሱ ደውሎ ነገረው። ከስልኩ የወጣው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

«አስር ሰዓት ሰፊዋ ጋ ካላገኘሁት እመጣለሁ። ባዶ እጄን እንደማልመጣ ታውቃለህ!»

«ና! በእግርህ መጥተህ በቃሬዛ ትመለሳለህ!»

እነዚህ ሰዎች እኮ በአንድ ወቅት አንዱ የሌላውን ቀልድ እየነጠቀ ቤቱን በሳቅ ያፈርሱት ነበር። አሁን ጋሼ ራሱ የቆረጠውን ብረት ጭኑ ላይ አጋድሞ ከግቢው በር ኋላ ተቀምጧል።

ከሁሉም በላይ እንዲቀር የምትፈልገው ደግሞ ቀጮ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ቀጮዬ መጣች!» የሚላት ከሌለ ቤቱ ቤት አይመስላትም። ጠረኑ እንዳይሄድባት የትራሱን ልብስ እናቷ እንዳታጥበው ደብቃዋለች። «አይመለስም» ሲባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ በደስታ ዘሎ ነበር።

«ንገሪኛ!» አላት ወንድሟ።

«ማንም አያሸንፍም።»

«አንዱማ ይወድቃል» አለ፣ መዝለሉን አቁሞ። «ከዚያ ትልቁ አባባን ማን ያነሳዋል?»

ቀጮ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«እማዬ፣ እንመልሰው።»

«አንቺም?» እናቷ ከሽንኩርቱ ላይ ቀና አለች። «አንድ ቀን እንኳ ሳልጠግበው?»

«ሰው ይሞታል እኮ!»

«ፉከራ ነው፤ ወንዶች ናቸው።» እናቷ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አልሰጠቻትም።

ቀጮ ተመልሳ ወንድሟ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች።

«ውጣ፣ ላዝልህ።»

«እንዴ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ጫማ የለህም። ዛሬ ብቻ።»

ጋሼ ሳያያቸው በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለችው ትንሽ በር ወጡ። ትንፋሹ አንገቷን ያሞቃታል። ከብዷታል፤ ግን ክብደቱ ደስ አላት። መንገዱ ባያልቅ ብላ ተመኘች፤ ሰዓቱ ግን ደርሶ ነበርና ሮጠች።

ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ፊቷ አመድ መስሏል። በመጋረጃው ሥር ጫማው ይታያል፤ ከጫማው አጠገብ የጠመንጃው ሰደፍ። ቀጮ ወንድሟን አወረደችው። አንገቷን አልለቅም አለ።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?»

ከዛሬ በኋላ ማን እንደሚልካት አታውቅም። ጉንጩን ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከአንገቷ አላቀቀችና በመጋረጃው ውስጥ አሳለፈችው።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» አለ ከወዲያ ትልቁ አባባ። ድምፁ ሻክሯል።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ከዚያ ሰደፉ ከወለሉ ተነሳ፤ የጓሮው በርም ተዘጋ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለች ሰፊዋ።

«ስልክሽን ልዋስ፣ እትዬ?»

እናቷ ወዲያው አነሳች። «የት ነሽ? ልጄስ?»

«ሄዷል፣ እማዬ።»

እናቷ ጮኸች። ቀጮ ጩኸቱ እስኪበርድ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ የእሷም እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ለጋሼ ንገሪው» አለች። «ብረቱን ያስቀምጥ፤ በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»