ስም የሌላት ቢጫ ኪኒን

አባቷ ኪኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ አደረገና ብርጭቆውን መለሰላት። «ተባረኪ፣ የኔ ዶክተር። አሁን ይሄ አፍንጫዬ አደብ ይገዛል» አላት።

ዶክተር የሚላት በባዮሎጂ ከክፍሏ አንደኛ ስለወጣች ነው። አይ ስም ማውጣት። የአሥራ አራት ዓመት የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ናት፤ ስለ ጉንፋን የምታውቀው ማናችንም ከምናውቀው አይበልጥም። ግን ስሙን ወዳዋለች። አባቷ ለምሳ ከገባ ጀምሮ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ ቤቱን በማስነጠስ ሲያናውጠው፣ «ቆይ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» ያለችውም ራሷ ነች።

የቤቱ መድኃኒት ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እናቷ መጣል የሚባል ነገር አትወድም፤ የተረፈ ኪኒን ሁሉ እዚያ ይገባል። ጎረቤት ራሴን አመመኝ ካለ ደግሞ ከማሸጊያው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ በመቀስ ቆርጣ ታካፍላለች። ታዲያ ስሙ ከተቆረጠው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከቀሩት ቁርጥራጮች አንዱ «ሞል» ይላል፣ አንዱ ግማሽ ቁጥር አለው፣ አንዱ ምንም አይልም። እሷ የሰጠችው ምንም ከማይለው አንዷን ቢጫ ነበር። እናቷ ጉንፋን ሲይዛት ስትውጣት ያየች መስሏታል።

ቆርቆሮውን ልትከድን ስትል ሌላ ነገር ትዝ አላት። አምና ሰውነቷን ሲያሳክካት የዋጠችው ኪኒንም ቢጫ ነበር። የዚያን ቀን በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ስታንኮራፋ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። አሁን ግን እሷን ምንም አላሳቃትም።

አባቷ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልሳ ልጅ ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ግራ ገባት። ብትነግረው ዶክተርነቷ በዚያው አከተመ። ባትነግረውስ? ደግሞ ያቺኛዋ ላትሆን ትችላለች፤ ቢጫ ኪኒን ስንት ዓይነት አለ? የቀረችውን አንዷን ቢጫ ከነቁራጭ ማሸጊያዋ ኪሷ ከተተችና «መጣሁ» ብላ ጥግ ወዳለው ፋርማሲ ሮጠች።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ቁራጯን አገላበጠቻት። «ምንድን ናት?»

«እሱን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«የኔ ልጅ፣ ስም የሌላትን ኪኒን እኔም አላውቃትም። ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ለማን ነው?»

«ለአባቴ። ጉንፋን ይዞት ነው። አፍንጫው ይፈሳል፣ ራሱንም ያመዋል።»

«ለጉንፋንማ ኪኒን መደርደር ምን ያደርጋል። ራስ ምታቱ ካስቸገረው ፓራሲታሞል፣ ሞቅ ያለ ነገር መጠጣት፣ ማረፍ። በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። ንፍጥ ከሚያደርቁት አንዳንዶቹ እንቅልፍ ይጥላሉ።» ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየቻት። «ወስዷል እንዴ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው በላዩ ምንም እንዳይጨምር። ይዘሽው ነይ፣ ላነጋግረው። ሥራው ምንድን ነው?»

ልጅቷ የሥራው ነገር ሲነሳ ቁራጯን ተቀብላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። «ጉድ እኮ ነው፣ የአፍንጫዬ ፍሳሽ ቀጥ አለ» አላት። «ዛሬ ለሾፌሮቹ በሙሉ ነው የማወራው። ልጄ አከመችኝ፣ ያለበለዚያ ሥራ በገባሁ በአሥራ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ቀርቼ ነበር እላቸዋለሁ።»

ከዚያ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ከኪኒኗ ይሁን፣ ከጉንፋኑ ይሁን፣ ከምሳው ይሁን ልትለይ አልቻለችም። አንዴ ደግሞ አዛጋ።

የአውቶቡሱ ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቀድማው ሄዳ አወረደችው።

«ጎበዝ፣ አቀብይኝ» አላት ጫማውን እያጠለቀ።

ቁልፉን ጨበጠችው።

«አባዬ፣ የሰጠሁህ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

አንድ እግሩን በጫማ፣ ሌላውን በካልሲ እንዳደረገ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«በመልኳ ገምቼ ነው። እንቅልፍ የምትጥል ልትሆን ትችላለች። ፋርማሲስቷ ይምጣ ብላለች።»

አባቷ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ። ያጠለቀውን ጫማ ቀስ ብሎ አወለቀውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ስልኬን አቀብይኝ» አላት። «የሚተካኝ ሰው ልፈልግ።»

ዶክተር አላላትም። ስልኩን ሰጠችው፤ ቁልፉን ግን ከእጇ አልለቀቀችም።