ከቱቦው በታች ያለው ጭቃ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ የሚመስለው ይለፈው... እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ አዋሽ ዳር። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

የፋብሪካው ቱቦ ከሚያፈስበት በታች፣ ከወንዙ ወለል ጭቃ እያወጣን ነበር። ሆርሞን የሚያዛባ መርዝ ይኖርበት እንደሆነ ሊመረመር።

እኔ ዕቃ ተሸካሚ ነኝ፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ። ሥራውን ለምኜ የገባሁት ለእህቴ ለሃፍሳ ስል ነው። መንደሯ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁንም ነፍሰ ጡር ናት...

ጭቃው ውስጥ መርዝ ከተገኘ ቱቦው ይዘጋል ተብሏል።

ሃፍሳ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

"ደሊል... ና አንድ ነገር እይ።"

ቤቷ እዚያው ቅርብ ነው። ጓሮዋ ውስጥ አውራ ዶሮው እንቁላል ታቅፏል።

"የማን እንቁላል ነው?"

"የራሱ። ሲጥል አይቻለሁ... ወላሂ።"

ዶሮው ቀና ብሎ አየኝ። አልጮኸም።

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ነው ይሄን ውሃ ያጠጧት?

ወደ ወንዙ ስመለስ ተከተለችኝ። ኃላፊያችን ኢንጂነር ምንተስኖት ጭቃውን ከመስታወት ጠርሙሶቹ ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ እየገለበጠ ነው።

"ኢንጂነር! ፕላስቲክ ከነካው ላብራቶሪው ይጥለዋል። ፕላስቲክ ራሱ ያንኑ መርዝ ይለቃል ያሉን እርስዎ አይደሉም?"

"ብያለሁ።" ሳቀ። "ጠርሙሱን ግን ሚስቴ ለበርበሬ ትፈልገዋለች። አፉ ሰፊ ነው።"

"የእህቴ ልጅስ?"

ወደ ሃፍሳ ዞረ።

"አይዞሽ። ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ።"

ለበርበሬ... የእህቴን ልጅ ለበርበሬ ማስቀመጫ። ኮሌታውን አነቅኩት።

ያኔ ከወንዙ መሃል ለቅሶ ተሰማ።

የሕፃን ለቅሶ...

ውሃው ላይ ማንም የለም።

"ሰማህ?" አለኝ ምንተስኖት በሹክሹክታ።

እጄን ለቀቅኩ። ሸሚዙ ደረት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ክብ እርጥበት ወጥቷል። ላብ መሰለኝ።

ለቅሶው ሲበረታ እርጥበቱ ሰፋ። ሸተተኝ... የጡት ወተት።

ሃፍሳ ከኋላዬ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "ልጆቼን ርቧቸዋል" አለች።

ምንተስኖት የሸሚዙን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። ጫማውን ሳያወልቅ ወንዙ ውስጥ ገባ።

"እሽሩሩ..." ይላል። "እሽሩሩ..."

ጠራሁት። አልዞረም።

ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ... ለቅሶው አቆመ።