ከፎቶው የተቆረጠችው ሚስት

በአንኮበር፣ ጎረቤላ ውስጥ፣ ጉሙ እስከ ረፋድ በማይገለጥበት በዚያ ብርዳም ከተማ፣ የወይዘሮ አመተ ማርያምን ግድግዳ ለማየት ሰው ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር። በጭቃና በጭድ የተመረገው ግድግዳ ዙሪያውን ጋዜጣ ተለጥፎበት፣ በላዩ ላይ በእጇ የሠራቻቸው ሰሌዳዎች ተደርድረው ሲታዩ ቤቱ የድሃ ቤት አይመስልም ነበር። የሰው ፎቶ በሳሙና ካርቶን ላይ ትለጥፋለች፤ ከአሮጌ ካላንደር የቆረጠቻቸውን የእመቤታችንንና የመላእክትን ሥዕሎች በዙሪያው ታሰልፋለች፤ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ወርቃማ ወረቀት አበባ አስመስላ ትቆርጠዋለች፤ ዳር ዳሩን ቀይና አረንጓዴ በተነከረ ስንደዶ ትከፍፈዋለች። ሙጫዋን የምትሠራው የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ በእሳት አማስላ ነው። ዘመድ የሞተበት ሁሉ አንዲት የተጨማደደች ፎቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ይመጣል፤ በሳምንቱ ሟቹን ከመላእክት መሀል አስቀምጣ ትመልስለታለች። እጇስ የተባረከ ነበር፤ ይህን አልክድባትም። የተረገመው ሌላው ነገሯ ነው።

አመተ ማርያም ባሏን ፈትታ በታላቅ ወንድሟ በገብረ ጻድቅ ግቢ፣ በእሱ እህል የምትኖር ሴት ነበረች። ገብረ ጻድቅ የቀበሌው ጭቃ ሹም ነው፤ ፊቱን ካጠቆረ ጎረቤት እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሰላምታው ራሱ ትእዛዝ የሚመስል ሰው። ታናሽ ወንድማቸው ዘርአ ዳዊት ግን የእነሱ ወንድም ነው ቢሉ ማን ያምናል? ግንበኛ ነበር፤ ሳቂታ፣ ለሰው አዛኝ፣ ከድንጋይ ጋር ውሎ ልቡ ያልደነደነ። በደነባ በኩል ድልድይ ሊሠራ ሄዶ ወለተሐና የምትባል ልጅ ወደደ። በ1947 ዓ.ም. በአባቷ ቤት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በሰማንያ አገባት። በሠርጋቸው ሰሞን ደብረ ብርሃን ሄደው ፎቶ ተነሡ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በካባ አጊጣ ከጎኑ ቆማ፣ ቀኝ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት... ከዚያ በኋላ ወለተሐና እንዲያ የሳቀችበት ቀን ብዙ አይደለም። ድልድዩ እስኪያልቅ ደነባ ቆዩና ወደ ጎረቤላ የመጡት እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ጎረቤላ ገብታ ሴት ልጅ ወለደች፤ ለተጊዮርጊስ አሏት።

ደግ ሰው አይበረክትም መቼም። በ1951 ዓ.ም. ዘርአ ዳዊት አብዱልጀሊል ለሚባል ነጋዴ ሱቅ ሊገነባ ወደ አልዩ አምባ ወረደ። ቆላው ወባውን አስታቀፈው። አብዱልጀሊል ከቤቱ አስተኝቶ እንደ ወንድሙ አስታመመው፤ ሳይሆንለት ሲቀርም ሬሳውን በበቅሎ ጭኖ፣ ያን ሁሉ አቀበት ራሱ በእግሩ እየወጣ አመጣው። ወለተሐና ፊቷን ነጨች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የተኛ መስሏት ትቀሰቅሰዋለች። እግዚአብሔር ያን ቀን ወዴት ነበር የሚያየው?

አርባው ከወጣ በኋላ ወለተሐና ያቺን የሠርግ ፎቶ ይዛ ወደ አመተ ማርያም ሄደች። ባሏ ከመላእክት መሀል እንዲቀመጥላት ነው። አመተ ማርያም ፎቶውን አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወንድሟን ትወደው ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ቆይታ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼማ እንዲህ እንዳለ አይሰቀልም» አለቻት። «አንቺ ሐዘንተኛ ሆነሽ፣ ሙሽራ መስለሽ፣ ጥርስሽን አሳይተሽ ከቅዱሳን መሀል? ሰውስ ምን ይላል? ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ከሞተ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። ሞት ይጠራል።»

«ለእኔስ ቢጠራብኝ ግድ የለኝም፤ ግን ልጄን ለማን እተዋለሁ?» አለች ወለተሐና። ቀጥላም፣ «ይቁረጡኝ እትዬ» አለቻት።

ምን ዓይነት ሴት ናት? በገዛ አፏ፣ ለባሏ ክብር ብላ፣ ለልጇ ፈርታ «ይቁረጡኝ» ያለች! አመተ ማርያም መቀሷን አነሣች። የሙሽራዋን ፊት፣ ካባዋን፣ ሳቋን ዙሪያውን ቆርጣ አወጣችው። የሐዘንተኛ ጌጥ ቤት ውስጥ አይቀመጥም ብላም ቁራጩን እምድጃው ውስጥ ጣለችው። ያቺ ትከሻው ላይ ያረፈችው እጅ ግን አልቆረጥ አለቻት፤ እሷን ለማውጣት የወንድሟን ትከሻ መቁረጥ ሊኖርባት ነው። ስለዚህ ከወርቃማው ወረቀት አንድ ትልቅ አበባ ሠርታ በዱቄት ሙጫዋ ለጠፈችበት። ሰሌዳው ሲያልቅ ያማረ ነገር ሆነ፤ እዚያው አመተ ማርያም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ፊቱ ቆመ። ወለተሐናም እጇን ስማ አመሰገነቻት።

ከዚያስ? ከዚያማ ገብረ ጻድቅ ነቃ። የአባታቸው ርስት፣ ዘርአ ዳዊት በእጁ ድንጋይ ጠርቦ የሠራው ቤት፣ ለአንዲት የደነባ ሴትና ለሴት ልጇ ሊቀር ነው? በ1952 ዓ.ም. መስከረም እንደ ጠባ ከደጇ ቆሞ፣ ልጅቷ እየሰማች፣ «ገረድነትሽ ያበቃው ወንድሜ ሲሞት ነው። ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት።

«ማን ነው ገረድ?» አለች ወለተሐና፤ ነገሩ አልገባትም።

«ከሌላ ሰው አርግዘሽ የመጣሽ ገረድ ነሽ። ሚስት ከሆንሽ ማን አየሽ?»

ለፍርድ ቤት አመለከተች። ዳኛው ሲጋቡ ያየ ሰው እንድታቀርብ ጠየቋት። አባቷ ሞቷል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው አገር ለቆ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቿስ? በፋሲካ ከቤቷ የጎረሱት፣ ልጆቻቸው ሲታመሙ ያስታመመችላቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «የዘርአ ዳዊት ሚስት» እያሉ ሲጠሯት የኖሩት? ጭቃ ሹሙን በጎን እያዩ፣ «በቤቱ ትኖር ነበር፤ ሚስትነቷን ግን አናውቅም» አሉ። እህል የበላ አፍ እንዲህ ይላል? አንድ ብቻ ሰው ሆኖ የተገኘው አብዱልጀሊል ነበር። ከአልዩ አምባ ድረስ ወጥቶ፣ «ወላሂ፣ በጣር ላይ ሆኖ ሚስቴንና ልጄን አደራ ብሎኛል» ብሎ ማለ። ዳኛው ግን ሲጋቡ በዓይኑ አላየምና ቃሉን ብዙ ዋጋ አልሰጡትም።

«የሠርጋችን ፎቶ አለ ጌታዬ» አለች ወለተሐና። «ከእትዬ አመተ ማርያም ግድግዳ ላይ ነው።»

ሰሌዳው መጣ። ዳኛው አገላብጠው አዩት። አንድ ሰው ብቻውን ከመላእክት መሀል ተቀምጧል።

«ታዲያ አንቺ የታለሽ?»

«ተቆርጬ ነው። እጄ ግን እትከሻው ላይ አለ፤ አበባው ተለጥፎበት ነው። አበባውን ያንሡልኝ፣ ያገኙኛል።»

የገብረ ጻድቅ ፊት አመድ መሰለ። የችሎቱ ተላላኪ በሰንጢ ጫፍ አበባውን ቀስ አድርጎ ያነሣ ጀመር። የወለተሐና ሕይወት ያቺ ወረቀት ሥር ነው ያለችው። ነገር ግን የዱቄት ሙጫ በአንኮበር ጉም ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ከፎቶው ጋር አንድ አካል ሆኖ ኖሯል። አበባው ሲነሣ የፎቶውን ቆዳ ይዞት ተነሣ። እጅ የለ፣ ጣት የለ፣ ነጭ ካርቶን ብቻ...

የቀረች አንዲት ሴት ነበረች። ዳኛው ወደ አመተ ማርያም ዞሩ። «ሰሌዳውን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ቆርጠሽ ያወጣሻት ሴት ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

ወለተሐና አየቻት። አልለመነቻትም፤ ለእውነት ልመና የሚያስፈልገው አልመሰላትም። ከኋላ ገብረ ጻድቅ ጉሮሮውን ጠረገ። አመተ ማርያም ያቺን ጉሮሮ ታውቃታለች፤ ብትናገር የምትበላው፣ የምትጠለልበት እንደማይኖር ታውቃለች። አንገቷን ደፋች።

«ብቻውን ነበር» አለች።

ቤቱም ርስቱም ለገብረ ጻድቅ ተፈረደ። ወለተሐና ልጇን አዝላ፣ አንድ ቁና እህል እንኳ ሳትይዝ፣ ደብረ ብርሃን ገባች። የሰው ልብስ አጠበች፣ ውሃ ቀዳች፣ የጠላ ቤት ገንቦ ተሸከመች። በሠራችበት ቤት ሁሉ ገረድ ነበረች፤ ገብረ ጻድቅ ያላትን በግድ አደረጋት። ለተጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ስትገባ የአባቷን ስም ብታስመዘግብ፣ ከጎረቤላ በተከተላት ወሬ «ዲቃላ» ሆነ ስሟ። ልጅቷ እያለቀሰች ስትመጣ እናቷ፣ «የዘርአ ዳዊት ልጅ ነሽ፤ እኔም ሚስቱ ነኝ» ትላታለች። ሌላ ምን ታድርጋት? ለዓመታት ይህችን ቃል ብቻ አጎረሰቻት። በመጨረሻ ሳል ያዛት፤ ሳሉ ደም ሆነ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት ከመደቧ መነሣት አቃታት።

አመተ ማርያም ወሬውን የሰማችው ከገበያተኛ ነው። እንግዲህ ልቧ ያን ጊዜ ተነካ! ያን ሁሉ ዘመን የሰው ሙታን እየቆረጠች ስትለጥፍ ያልተነካው ልብ! ደብረ ብርሃን መጥታ የዚያችን ጠባብ ቤት በር አንኳኳች። ገብታ ከመደቡ ሥር ተንበረከከችና የወለተሐናን እግር ያዘች።

«በድዬሻለሁ። የወንድሜ ሚስት ነሽ። በእጄ የቆረጥኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አለች።

ወለተሐና ትንፋሿን እየለቀመች አየቻት። «እዚህ ያለነው እኔና ልጄ ነን እትዬ» አለች። «እኛማ እናውቃለን። ለማያውቁት ይንገሩ።»

አመተ ማርያም በማግስቱ ወደ ጎረቤላ ተነሣች። መንገድ ላይ ሳለች ወለተሐና አረፈች። የሞተችው የማንም ሚስት ሳትባል ነው፤ ካህኑም የባሏን ስም የጠየቁት ከልጇ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከደብሩ ሲወጣ፣ አመተ ማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። ገብረ ጻድቅ እያየ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወለተሐና ሚስት እንደነበረች፣ ፎቶውን እንደ ቆረጠችው፣ በችሎት እንደ ዋሸች ተናገረች። «አብዳለች» አለ ገብረ ጻድቅ። ማንም አልተከተለውም። ጎረቤቶቹ ለካ ምላስ ነበራቸው! አንዱ ሲጀምር ሌላው ቀጠለ፤ ሁሉም ያውቅ ኖሯል፤ ሁሉም አዝኖ ኖሯል። ነገሩ እንደገና ታየና ቤቱም ርስቱም ለለተጊዮርጊስ ተፈረደ።

አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አብዱልጀሊል ከእናቷ ወገን የሆነች አንዲት አሮጊት ፈልጎ አብራት እንድትኖር አደረገ። ገና ቤቱን ጠርጋ ሳትጨርስ ጎረቤቱ እንጀራና ጠላ ይዞ ለለቅሶ መጣ። «እናትሽን እንደ እኅታችን ነበር የምናያት» አሉ። ለተጊዮርጊስ ከደጃፉ ሳትነቃነቅ፣ «እናቴ በሕይወት ሳለች የት ነበራችሁ?» አለቻቸው። ይዘው የመጡትን ይዘው ተመለሱ።

በኋላ አመተ ማርያም መጣች። ገብረ ጻድቅ አባሯታል፤ ጓዟን በጀርባዋ ተሸክማለች። ልጅቷን ስታያት አለቀሰች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። መግቢያ የለኝም።»

ለተጊዮርጊስ ከበሩ ዘወር አለችላት። «ይግቡ» አለቻት። «በአባቴ ቤት እህቱ ደጅ አታድርም። ይቅር እንድልዎት ግን የእናቴን ፊት ይመልሱልኝ። አሁን አሁን ዓይኔን ስጨፍን ስትስል እንጂ ስትስቅ አትመጣልኝም። ስትስቅ ያየኋት በሕፃንነቴ፣ እርስዎ ባቃጠሉት ፎቶ ላይ ብቻ ነበር።»

አመተ ማርያም ከየት ታምጣው? አንዲት ሌላ ፎቶ እንኳ በዓለም ላይ የለችም። ያን ቀን ከምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጠች መሸባት። አብረው ኖሩ፤ ልጅቷ አበላቻት፣ በታመመች ጊዜ አስታመመቻት፣ ስትሞትም በወጉ ቀበረቻት። ይቅር ግን አላለቻትም።

ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይዘጉታል፦ «ምን ይደረግ፣ እድሏ ነው።» እድሏ! ወባውስ እሺ እድል ይሁን። ጉሙም እድል ይሁን። ግን በዚያ ችሎት፣ ያ ሁሉ ሰው እውነቱን በአፉ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ የማንን አፍ ነው እድል የያዘው? አንድ ሰው «ነበረች» ቢል ኖሮ ያቺ ሴት ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፍ ነበር። የእኛን ፍርሃት በእድል ስም መጥራቱን ብንተው ምን አለበት?