የሙሽራዋ በረዶ

ዳርመን ሞቶ የተገኘው የፋብሪካው ባለአክሲዮኖች «ሙሽራዋ» እያሉ በሚያሾፉባት ማሽን እግር ሥር ነው። የወደብ ከተማዋ የሳቩሳቩ በረዶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ባለአክሲዮን የሆኑት ወንድሙና እህቱ «ትርፋችንን ቆማ በላችው፤ ትሸጥ!» ሲሉት፣ ይህችን ሁለተኛ ማሽን እየወለወለ ለክፉ ቀን አቆያት።

ክፉው ቀን መጣ። አውሎ ነፋሱ የከተማውን መብራት ካጠፋ ሰነበተ፤ ትናንት ደግሞ በጄኔሬተር ይሠራ የነበረው የትልቁ ማሽን ሞተር ተቃጠለ። ዓሣ የጫኑ ጀልባዎች ወደቡን ሞልተዋል። ዛሬ በረዶ ካላገኙ የመንደሩ ሁሉ ልፋት ገምቶ ይጣላል።

መርማሪ ሜሬሴኒ ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ማሽኗ አትሠራም፤ ወለሉ ግን እርጥብ ነው።

«ጄኔሬተሩን ትናንት አገናኝተንላት ነበር» አለ መካኒኩ አፒሳይ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ጋሼ ዳርመን ‹አንተ ተኛ፤ ጠዋት እኔ አስነሳታለሁ› አለኝ። ስመጣ ወድቋል። በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እሱ፣ እኔ፣ ወንድሙና እህቱ።»

እህቱ ሱሎቻና እንባዋንም ቁጣዋንም አልደበቀችም። «ትሸጥ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ልጆቼ የሚማሩት በድርሻዬ ነው። ግን ወንድሜን? ምን ነካሽ አንቺ!»

ታናሽ ወንድሙ ራቪን ቀኝ አንጓውን በፎጣ ጠቅልሎ በቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«የወደቀ ዛፍ ስጎትት ወለም አለኝ።»

«ዛሬ ፋብሪካ ሄደው ነበር?»

«ምን ልሠራ? ያቺን ቆሞ ቀር ልሳለም?» ሳቀ። «አባታችን ‹እንደ ዳርመን ሁን› እንዳለ አረጀ። ማሽኗ ብትሠራለት ኖሮ ሐውልት ያቆሙለት ነበር። ምን ይሆናል፣ አልሠራችም።»

ከፎጣው አንድ የበረዶ ቁራጭ ወደቀ። ሜሬሴኒ አነሳችው፤ መሐሉ ቀዳዳ ነው።

«ከየት አገኙት?»

«ከፍሪጄ ነዋ።»

ቴርሞሷ ውስጥ ከተተችው።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱን ማሽኗ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አፒሳይ፣ ትልቁ ማሽን ምን ዓይነት በረዶ ይሠራል?»

«ድፍን። እንደ ግንድ ነው የምንፈልጠው።»

«ሙሽራዋስ?»

«እንደ ቧንቧ መሐሉ ክፍት።»

ሜሬሴኒ ቴርሞሷን ከፍታ አሳየቻቸው። «መብራት የለም፤ የማንም ፍሪጅ በረዶ አይሠራም። ትልቁ ማሽን ተቃጥሏል። ስለዚህ ይህ በረዶ ዛሬ ጠዋት ከዚህች ማሽን ወጥቷል። ዳርመን አስነስቷታል፤ ገዳዩ አጥፍቷታል። አልሠራችም እንዲባል በረዶውን ዝቆ ባሕር ውስጥ ደፋው፤ ወለሉ የራሰው ለዚህ ነው። ሲዝቅ ወለም ያለው አንጓው ሲያመው ግን አንድ ጭብጥ ይዞ ሄደ።»

ሱሎቻና ወደ ወንድሟ ዞረች። «ራቪን፣ ለገንዘብ?»

«ለገንዘብ ቢሆንማ ማሽኗን አያጠፋትም ነበር» አለች ሜሬሴኒ። «የዛሬው በረዶ ለእናንተ ወርቅ ነበር። ሥራ ፈትታ ስትቆም ራቪን እየሳቀባት ይኖር ነበር። ያልቻለው ስትሠራ ማየት ነው።»

«በረዶው ሲንኮሻኮሽ ዳርመን እንደ ልጅ እየሳቀ ‹ና፣ ቅመስ› አለኝ» አለ ራቪን። «አልኮራብኝም እኮ። ቢኮራብኝ ይቀለኝ ነበር። ገፈተርኩት።»

ፖሊሶች እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ሱሎቻና እንባዋን ጠረገች።

«አፒሳይ፣ አስነሳት።»

ማሽኗ አጓራች። ጥቂት ቆይቶ በረዶው ይንኮሻኮሽ ጀመር። ውጭ ዓሣ አጥማጆቹ «ዳርመን! ዳርመን!» እያሉ ጮኹ። ራቪን ጆሮውን ሊደፍን ፈለገ፤ እጁ ግን ታስሯል።